ቆርቆሮ ያልቀደመው ጥሪ

ቋ። ቋ። ቋ።

የዘይት ቆርቆሮ በወይራ በትር ሲመታ እንዲህ ይላል፤ ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ትንፋሽ እያሳለፈ። በመምህርነት ተመድቤ ከደብረ ታቦር ወደ ቆቦ በመጣሁበት ዓመት፣ ሻንጣዬን ፈትቼ ሳልጨርስ በመስኮቴ የገባው የመጀመሪያው ድምፅ ይኸው ነበር። ቀጥሎ የሰው ጥሪ መጣ። «የቆቦ ሰው፣ ስማ! የጎብዬ ሰው፣ ስማ! የዋጃ ሰው፣ ስማ!» ጥሪው ከሜዳው ተነሥቶ ዞብል ተራራ ደርሶ የሚመለስ ይመስል ነበር። ምን መጣ ብዬ ወደ ደጅ ብወጣ፣ የመጣው የሽንኩርት ዘር ኖሯል።

ጠሪው አራጌ ይመር ነው። አያ አራጌ እንለዋለን። ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ሰው ነው፤ ያ ሁሉ ድምፅ ከዚያ አካል እንዴት እንደሚወጣ ያየ ሁሉ ይገረም ነበር። ነጋዴ ዕቃ ሲያስገባ፣ ጥጃ ስትጠፋ፣ ጨረታ ሲወጣ የሚጠራው እሱ ነው። በአማርኛ የጠራውን በትግርኛ ይደግመዋል፤ ፍየል እየነዱ ከቆላ ለሚመጡት አፋሮች ደግሞ በቋንቋቸው ይጨምርላቸዋል። በየትኛውም ቋንቋ ቢጠራ ግን ቆርቆሮው ይቀድማል።

ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። አያ አራጌ የቅሬም ጠሪ ነበር። ቅሬ በዚህ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ቅሬው የሚጠራው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ያን ጊዜ ቆርቆሮ አይመታም። ባዶውን ድምፅ ይለቀዋል። የሦስቱን ከተማ ሰው ስማ ይልና የሟቹን ስም ከነአባቱ ጠርቶ ዝም ይላል። ሌላ ቃል የለውም። «ሞተ» እንኳ አይልም። የቀረውን ሰሚው ያውቀዋል።

እንዲህ ያለውን ጥሪ መጀመሪያ የሰማሁት ማለዳ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ሦስቱን ምት ስጠብቅ ድምፁ ራቁቱን መጣ። ወደ አፍ ይሄድ የነበረው ብርጭቆ ሁሉ መንገድ ላይ ቆመ። አሳላፊዋ መቅዳቷን ሳታቋርጥ ጆሮዋን ወደ ውጭ ሰጠች፤ ሻዩ ሞልቶ በጠረጴዛው ላይ ሲፈስ ያያት ሰው አልነበረም። ስሙ ከተጠራ በኋላ ሰዉ በሙሉ ተነሥቶ ወጣ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ እንግዳ ነበርሁና።

አያ አራጌ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሁለቱን ጥሪ አላምታታም። አንዴ ቆርቆሮውን ሰው ሰረቀበት። ዕቃ ያስገባ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ቢለምነው፣ ቢቆጣው፣ «እሺ ድስት ላምጣልህና ድስት ምታ» ቢለው አሻፈረኝ አለ።

«ሰዉ የለመደው ያንን ነው» አለው። «በድስት ብጠራ ማን ደንግጦ ማን ላይ እንደሚወድቅ በምን አውቃለሁ?»

ሌላ ቆርቆሮ እስኪገኝ ድረስ ገበያው ያለ ጠሪ ዋለ።

ከአራት ዓመት በፊት ጉሮሮውን ታመመ። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት እንደማይተርፍ፣ ከተደረገለት ደግሞ ድምፁ እንደማይመለስ ነገሩት። ነጃት የምትባል አንዲት ልጅ አለችው፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። በማርኬቲንግ ተመርቃ፣ ሥራ አጥታ ሁለት ዓመት ከቤት ተቀምጣ ነበር። ወደ ሐኪም ቤት ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ፣ አባቷን ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ፣ ስልኳን ከፊቱ አቆመች። ዓይኑ ስለደከመ፣ እሷ በወረቀት የጻፈችውን እያነበብሁ የምነግረው እኔ ነበርሁ። እኔ ቀስ ብዬ እናገራለሁ፤ እሱ ይጠራዋል። የቀበሌውን ስም ሁሉ። ቁጥሮችን። የዘር፣ የጨርቅ፣ የዕቃ ስም። ቀጥሎ የነጋዴዎችን ስም ከነአባታቸው።

እዚህ ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«የሰዎቹን ስም ደግሞ ለምን?»

«ማስታወቂያ ሲያሠሩኝ ልጠራበት ነዋ፣ አባ።»

ድምፁ ያኔ መሻከር ጀምሮት ነበር። «ነጃት፣ ይህን ድምፅ እንጀራ ብዪበት፤ ሐላልሽ ነው። ግን ቆርቆሮው ይቅደም። ባዶውን ለዕቃ ያዋልሽው ቀን ሁሉንም ታጠፊዋለሽ።»

«እሺ አባ።»

«በአላህ?»

«ወላሂ።»

ከዚህ በኋላ የነጋዴዎቹን ስም አንድ በአንድ ጠራቸው። ተጋርዶ በጨለመው ክፍል ውስጥ የምናውቃቸውን፣ በሰላም ሱቃቸው የተቀመጡ ሰዎችን ስም በዚያ ድምፅ መስማት ደስ አይልም ነበር።

ከሐኪም ቤት የተመለሰው አያ አራጌ አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ፣ የሚለውን በደብተር የሚጽፍ ሰው ሆኖ ነው። ድምፁ በነጃት ስልክ ውስጥ ቀረ። እሷም በቃሏ መሠረት ቆርቆሮውን እያስቀደመች ቃሉን ከቃል እየገጣጠመች፣ ፎቶና ቪዲዮ እየጨመረችበት፣ ለነጋዴው ሁሉ በፌስቡክና በቲክቶክ ማስታወቂያ መልቀቅ ጀመረች።

እኔ በመጀመሪያ አላመንሁም ነበር። በኛ ጊዜ ማስታወቂያ ማለት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ያበቃል።

«ሰው ስልኩን የሚከፍተው ሊጫወት ነው እንጂ ሊገዛ ነው እንዴ?» አልኋት።

«መምህር፣ አባዬ ገበያ መሃል ሲጠራ የሰማው ሁሉ ገዢ ነበር?» አለችና ሳቀች። «ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኜ ባዞር ለተኛውም፣ ላላፊውም፣ ለአህያውም ነው የምለፈልፈው። እዚህ ግን ለማን እንደምናገር እመርጣለሁ። ከቆቦ ዙሪያ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር። ዕድሜው ከሃያ አምስት በላይ። ስለ መስኖ የሚያይ። ለሱ ብቻ እነግረዋለሁ፤ ኪሱ ውስጥ ገብቼ።»

«መስማቱንስ በምን ታውቂያለሽ?»

ስልኳን አዙራ አሳየችኝ። ይህን ያህል ሰው አየው፣ ይህን ያህሉ እስከ መጨረሻ ሰማው፣ ይህን ያህሉ ደወለ ይላል። በቁጥር ነው። አንዱ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ እዚያው ይመለስለታል። ሌላው ለአማቱ ይልከዋል፣ አማቱ ለጎረቤቱ። ዋጋ በተለወጠ ጊዜም በአምስት ደቂቃ ይታረማል። ወጪው ደግሞ ባጃጁ በቀን ለሚያቃጥለው ቤንዚን አይደርስም ነበር።

«አባዬ በሠላሳ አንድ ዓመት ስንት ሰው እንደሰማው አንድ ቀን አላወቀም» አለች፤ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ከዚያ ወዲያ በዓይኔ ያየሁትን አልክድም። ጎብዬ ላይ ጫጩት የምታረባው ኤልሳቤጥ ጫጩቶቿ ከእንቁላል ሳይወጡ ገዢ አገኘች። ዋጃ ዳር ያለ አንድ ልብስ ሰፊ፣ በሱቁ ደጃፍ የሚያልፈው ሰው ሳያውቀው ከአላማጣ ድረስ ደንበኛ መጣለት። በሁለተኛው ዓመት ነጃት የአሥራ አራት ነጋዴዎችን ማስታወቂያ ትሠራ ነበር፤ ቤቱም የቆመው በዚያ ነው። የአያ አራጌም መድኃኒት የሚገዛው በራሱ ድምፅ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገር ግን በገበያ ቀን ከእሱ ጋር መሄድ ከበደኝ። ሃያና ሠላሳ ሰው ስልኩን ከፍቶ ይሄዳል። ከአንዱ ኪስ «የቆቦ ሰው፣ ስማ!» ሲል ከሌላው ኪስ ግማሽ ቃል ዘግይቶ «ሰው፣ ስማ!» ይላል፤ ከበርበሬው ተራ ማዶ ደግሞ «ስማ!» ብቻ ይመጣል። አንድ ሰው ተበጣጥሶ በገበያው ውስጥ እየዞረ ራሱን የሚፈልግ ይመስላል። አያ አራጌ በመካከሉ ሻርፑን አጥብቆ ይሄዳል። አንድ ቀን አንድ የገጠር ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ «አያ አራጌ፣ ዛሬስ ድምፅህ እንዴት አማረ!» ሲል፣ አያ አራጌ ከጀርባው ቆሞ ነበር። ትከሻውን ሊነካው እጁን ዘረጋ። ከዚያ መልሶ ሰበሰበው።

በዚህ መካከል በድረዲን ሰይድ መጣ። በድረዲን በዋናው መንገድ ዳር የውሃ ፓምፕ የሚሸጥ፣ ሆዱም ሳቁም ትልቅ የሆነ ሰው ነው። የሽንኩርት ተከላ ጊዜ ሊያልፍ ተቃርቦ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ፓምፖቼ አቧራ እየጠጡ ነው! ውሃ ይጠጣሉ ተብሎ የተገዙ ዕቃዎች!» አላት።

ነጃት የቀደመውን ማስታወቂያውን ከፍታ አንድ ወደ ታች የሚወርድ መስመር አሳየችው። «ጋሼ በድሩ፣ ችግሩ ይኸውልህ። ሰዉ ሦስተኛው ሴኮንድ ላይ ይሸሻል። ቆርቆሮው ስድስት ሴኮንድ ይፈጃል። ድምፁ ሳይመጣ አውራ ጣቱ ገፍቶት አልፏል።»

«ታዲያ አውጪዋ! እኔ የምሸጠው ፓምፕ ነው ወይስ ቆርቆሮ?»

«አባዬ አይወድም።»

«አባትሽ በምን ያየዋል? የሱ ስልክ እንደሆነ ባለ አዝራር ነው። በአላህ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ። ደግሞ ስሜን ከፊት አድርጊው፤ ሰው ስም ሲሰማ ይቆማል።»

ይህን ሁሉ በኋላ እሷው ናት የነገረችኝ። የቆርቆሮውን ምት ቆርጣ አወጣችው። ገበሬው ወደ ማሳ ከመውረዱ በፊት ስልኩን የሚከፍትበትን ሰዓት ቁጥሮቹ ያውቁት ነበርና፣ ጎሕ ሲቀድ እንዲለቀቅ አዘዘችው። የሰዓቱን ነገር ልብ አላለችውም። ለቁጥሩ የሚመች ሰዓት ነበር፤ ሌላ ነገር አልታያትም።

ማክሰኞ ነበር። በግቢዬ ፊቴን እየታጠብሁ ሳለሁ ከጎረቤት ቤት መጣ። ምት የለም። ባዶ ድምፅ።

«የቆቦ ሰው፣ ስማ! የጎብዬ ሰው፣ ስማ! የዋጃ ሰው፣ ስማ! በድረዲን ሰይድ!»

ከዚያ ዝም አለ።

ኔትወርኩ በዚያ ሰዓት ደካማ ነው። ምስሉ ስሙ ላይ ሲደርስ ቆሞ፣ ክቧ ምልክት መዞር ትጀምራለች። ይህን ዛሬ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ከግራ ቤት «በድረዲን ሰይድ» ብሎ ዝም ሲል፣ ከመንገዱ ማዶ «በድረዲን ሰይድ» ብሎ ዝም ሲል፣ ከመስጊዱ በላይ ካሉት ቤቶች ደግሞ በሩቁ ሲደገም፣ ውሃው ከመዳፌ መካከል ፈስሶ አለቀ። ቅሬው ከአያ አራጌ ሕመም ወዲህ የሚጠራው በድምፅ ማጉያ ነው። አያ አራጌ ድምፅ እንደሌለውም አውቃለሁ። ግን እግሬ ይህን ሁሉ አልጠየቀም። ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ።

መንገዱ በሰው ሞልቶ ነበር። በበድረዲን በር ላይ ስንደርስ ወንዶቹ በአጥሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። አንዱ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። አንዷ ለቅሶ ጀመረች። በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተና በድረዲን መፋቂያውን በአፉ እንደያዘ ብቅ አለ።

ለቅሶው ተቆረጠ።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?» አለ።

ሰዉ በሙሉ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«ኧረ በአላህ! ማን ነው የሞተው? ንገሩኝ እንጂ፤ እኔም ልቅበር!»

ጎረቤቱ እማ መይሙና ዕድሜዋ ሰማንያ የሞላ ሴት ናት፤ ፊት ለፊቱ ቆማ ነበር። እጇን ወደ ፊቱ ዘረጋችና ሳትነካው አቆመችው።

«በድሩ፣ የኔ ልጅ» አለችው በዝግታ፤ «አልነገሩህም እንዴ?»

መፋቂያው ከአፉ ወደቀ። ይህን ጊዜ ከመካከላችን የአንዱ ስልክ ኔትወርክ አግኝቶ ካቆመበት ቀጠለ። «...ሱቅ የውሃ ፓምፕ ገብቷል! ባለ ሁለት ኢንች! ባለ ሦስት ኢንች!» በዚያው በአያ አራጌ ድምፅ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ብዙዎቹ ግን አልሳቁም፤ ሲነሡም ጀርባቸውን ለበድረዲን ላለመስጠት እየተጠነቀቁ ነበር።

አያ አራጌን ያየሁት ያኔ ነው። ከአጥሩ ጥግ በሁለት እጁ ጉሮሮውን ይዞ ቆሟል። ስጠጋው ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ።

«ጠራሁ እንዴ?»

«አልጠራህም፣ አያ አራጌ። ስልክ ነው» አልሁት።

ደግሞ ጣቱን በጥያቄው ላይ አኖረ። በዓይኑ አየሁት፤ አላመነኝም።

ነጃት ማስታወቂያውን በዚያው ማለዳ አወረደችው። የወጣ ጥሪ ግን እንደ ወጣ ነው። በድረዲን ሱቁን እንደ ልማዱ ከፈተ፤ ሰዉም ይመጣል፤ ፓምፑም ይሸጣል። ነገር ግን ዋጋ የሚከራከረው ሰው ጠፋ። አንድ ቀን ሱቁ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ የዋጃ ገበሬ መጥቶ የመጀመሪያውን ዋጋ እሺ አለ።

«ቀንስልኝ በለኝ እንጂ!» አለው በድረዲን። «ውድ ነው በል! ስደበኝ!»

«ግድ የለም፣ ጋሼ። ይሁን። ምን ያደርጋል» አለ ገበሬው ለስለስ ብሎ። መልሱን ሲቀበልም የበድረዲን ጣት እንዳይነካው ብሩን በጫፉ ያዘ።

ሰውዬው ሲወጣ በድረዲን ወደኔ ዞረ። «አየህ፣ መምህር? እማ መይሙና ትላንት ደጄ ላይ ቆማ ‹እዚያ ስትደርስ ሰላም በልልኝ› አለችኝ። የት ስደርስ? የቅሬው ሰዎችም ሲያገኙኝ ከእግሬ እስከ ራሴ ነው የሚያዩኝ። ቁመቴን እየለኩ ነው! ቤቴ ስገባ ራሴን በመስተዋት አያለሁ፤ አለሁ። ግን ደስ አይለኝም።» ሳቁ ሊመጣ ሞክሮ ቀረ።

ነጃት መላ አገኘች። ማስታወቂያ እንዲህ ያለ ነገር አለው፤ አንድ ጊዜ የሰሙትን ሰዎች ብቻ ለይቶ መልሶ ማግኘት ይቻላል። «አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰው ሰምቶታል፤ ለእነሱው ብቻ እልከዋለሁ» አለችኝ። በዱሮው ጊዜ የሰማውን ሁሉ በየደጁ ዞሮ ማግኘት የሚችል ሰው አልነበረም፤ ይህን ስትለኝ ከልቤ ደስ አለኝ። ያጣችው ቃሉን ነው። በተቀዳው ውስጥ «በሕይወት አለ» የሚል የለም። «አልሞተም» የሚልም የለም። ጠሪ እንዲህ ያለ ነገር ጠርቶ አያውቅማ። ሁለት ቀን ሙሉ ስትሰማ ከርማ፣ በመጨረሻ በሁለት ጥሪ መካከል «አባ፣ ደከመህ?» ብላ ስትጠይቀው የመለሰላትን አገኘች።

አዲሱ ማስታወቂያ በተከታዩ ሳምንት ሐሙስ ተለቀቀ። ቋ። ቋ። ቋ። የቆቦ ሰው፣ ስማ። የጎብዬ ሰው፣ ስማ። የዋጃ ሰው፣ ስማ። «በድረዲን ሰይድ!» ከዚያ፣ ከሌላው ሁሉ ቀነስ ብሎ፣ ደክሞት እንደሚናገር ሰው፣ «ደህና ነኝ።»

ከሥሩ ሦስት መቶ ሰው «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ጻፈ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ግን ሁለተኛ ልሰማው አልፈለግሁም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አያ አራጌ ዘንድ ተሰበሰብን። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ምንጣፍ ላይ፣ ትራሱ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አለ። በድረዲን ከበሩ አጠገብ፣ ነጃት ከአባቷ ትይዩ፣ እኔ ከመካከል ነበርን። ደብተሩ ተከፍቶ በምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል። አንድ ቃል ብቻ ተጽፎበታል፤ «ይጥፋ።»

«አያ አራጌ፣ የተጠራሁት እኔ ነኝ» አለ በድረዲን። «እኔ ይቅር ካልሁ አንተ ምን ሆነህ ነው? ዛሬ ካጠፋኸው እኔ እንደ ተጠራሁ ልቀር ነው። ሰዎች በዋጋ እስኪከራከሩኝ ድረስ እንኳ ‹ደህና ነኝ› ይበልልኝ። ከዚያ ወዲያ እንደ ወደድህ።»

አያ አራጌ ቃሉን በጣቱ ነካው።

«ጥፋቱ የኔም ነው። ‹አውጪዋ› ያልኋት እኔ ነኝ።»

ደግሞ ነካው።

ነጃት ወደ አባቷ ጠጋ አለች። «አባ» አለች፤ «አሥራ አራት ሰው በዚህ ድምፅ ይሸጣል። እኛም የምንኖረው በዚህ ነው። ካጠፋሁት ነገ ምን እንደምሠራ አላውቅም። ግን ወላሂ ብያለሁ፤ በሦስት ሴኮንድ ሸጥሁት። ቃሌን አልክድም።» ስልኳን ከፍታ፣ የዚያን ቀን የተቀዳውን ሁሉ በተርታ አውጥታ በእጁ ላይ አኖረችለት። «ሌላ ቦታ አላስቀመጥሁም፤ ያለው ይኸው ነው። እኔ ግን እጄ አይታዘዘኝም፤ አንተው አጥፋው። እዚህ ላይ ጫን አድርገህ ትይዛለህ። ቀይ ምልክት ይመጣል። እሱን ስትነካው ያልቃል።»

አያ አራጌ ስልኩን ወደ ዓይኑ አቀረበ። ሠላሳ አንድ ዓመት በትር የያዘ አውራ ጣት ነው፤ ቆዳው እንደ ቅርፊት ደርቋል። መስታወቱ ብዙም አይሰማውም። አንዴ ነካው። ምንም የለም። ሁለተኛ ጫን ሲያደርገው፣ ከማጥፋት ይልቅ ከፈተው።

የተጋረደው ክፍል ዝምታ ከስልኩ ወጣ። የሆነ ነገር ተንኳኳ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ የገበያውም አይደለም፣ የቅሬውም አይደለም። አባት ለልጁ የሚናገርበት ድምፅ ነው።

«ነጃትዬ፣ እስቲ ውሃ አቀብዪኝ።»

«እሺ አባ» አለች ነጃት፤ ተነሥታም መጋረጃውን ገልጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩ እስኪገባን ድረስ ሄዳ ነበር። ከጓዳ ጄሪካን ሲዘነበል፣ ውሃ በብርጭቆ ሲቀዳ ይሰማል። እኔ በአያ አራጌ ፊት ያለውን ሙሉ ብርጭቆ አየሁ፤ እሱም እሱኑ አየ። ከዚያ መጋረጃውን አየ፤ ገና ይወዛወዝ ነበር።

አውራ ጣቱ ከመስታወቱ አልተነሣም ነበር። ቀዩ ምልክት አሁን በርቷል። መንካት ብቻ ነበር የቀረው።

አልነካውም። ጣቱን ቀስ አድርጎ አነሣ፤ ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስም ጠበቀ። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። በሻርፑ ጫፍ መስታወቱን ጠረገው። ስልኩን እሱ ተቀምጦበት በነበረው ትራስ ላይ፣ ግድግዳውን አስደግፎ፣ ፊቱን ወደ ቤቱ አዙሮ አቆመው። ሙሉውን ብርጭቆም አንሥቶ ከስልኩ ፊት አኖረለት።

«አያ አራጌ» አልሁት። «ተቀመጥ እንጂ። ወዴት ነው?»

ድምፁን ካጣ ወዲህ ከሰው ቤትም ሆነ ከራሱ ቤት ሲወጣ ለመሰናበት እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይል ነበር። ጫማውን አደረገ። እኛን አላየም፤ እጁንም ከጎኑ አላነሣም። ነጃት ውሃውን ይዛ ከመመለሷ በፊት፣ በድረዲንን በስሱ አልፎ፣ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።